እናቴ ከባሕር ዳር ወደ ጀርመን ልትሄድ ነው፤ የጉዞ ጤና መድን በምን ልምረጥ?

ሽምብጥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ፍራንክፈርት ያለችው እህቴ ዘንድ 3 ወር ልትቆይ ነው። ደም ግፊትና ስኳር አለባት፤ ሁለቱንም በኪኒን ትቆጣጠራለች። የጠየቅኳቸው ሻጮች ሁሉ «30 ሺህ ዩሮ ይሸፍናል፣ ኤምባሲው ይቀበለዋል» ይሉኛል። ታዲያ ልዩነታቸው ዋጋ ብቻ ነው? «በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስ» የሚለውስ እስከ የት ያደርሳል?

ጣና ዳር፦
እናትህን በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልሳቸው። 30 ሺህ ዩሮ የሸንገን (ጀርመንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛው መጠን ነው። ይህን ሁሉም ስለሚያሟላ በእሱ መምረጥ አይቻልም። ለኤምባሲ የሚሰጡህን ባለ አንድ ገጽ ሰርተፊኬት ሳይሆን ሙሉውን ውል ጠይቅ። ሊሰጥህ የማይፈልግ ሻጭ ካለ እለፈው።

ውሉ ላይ መጀመሪያ የምትፈልገው ቀድሞ ስለነበረ ሕመም የተጻፈውን ነው። አንዳንዱ ጭራሽ አይሸፍንም፤ እናትህ ስትሮክ ቢያገኛቸው «የግፊቱ ውጤት ነው» ብሎ ሳይከፍል ይመልሳችኋል። አንዳንዱ ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ መባባስን ብቻ፣ ያውም በትንሽ ጣሪያ (ከዚያ በላይ በማይከፍልበት መጠን) ይከፍላል። ሌላው ደግሞ ሕመሙ ከጉዞ በፊት ለተወሰነ ወራት የተረጋጋ ከሆነ ይሸፍናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለጉዞ ሲዘጋጅ በመጨረሻው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄዶ መድኃኒት በማስቀየሩ ነው፤ የመድኃኒት መጠን ከተለወጠ በብዙ ውሎች ሕመሙ «የተረጋጋ» አይባልም። ምርመራውን አስቀድማችሁ ጨርሱ። ከዚያ የሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቶቹን ሳይንሳዊ ስምና መጠን የያዘ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ከሐኪማቸው ተቀበሉ።

ቅጹ ላይ ሕመሙን አትደብቁ። እዚያ ሆስፒታል ሲገቡ የሚወስዱትን ኪኒን መናገራቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ ውሉ ሊፈርስ ይችላል።

ዘጌ፦
ስለ መመለሱ ልጨምር። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ በሽተኛውን ሕክምናው ወደሚገኝበት ቅርብ ሆስፒታል ማድረስ ነው፤ ፍራንክፈርት ላይ ይህ ብዙም አያሳስብም። ሌላው ወደ አገር መመለስ ነው፤ የእናንተ ጉዳይ ይኼኛው ነው። ውሉ «ሐኪም አስፈላጊ ነው ሲል» ይላል፤ ግን የማን ሐኪም? አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ከሚያክማቸው ሐኪም ጋር ተነጋግሮ የመድን ድርጅቱ ሐኪም ነው። ቤተሰብ ስለፈለገ ብቻ አይመልሱም።

በመደበኛ አውሮፕላን በቃሬዛ መመለስ ማለት በርካታ መቀመጫዎች ታጥፈው የሁሉም ዋጋ ይከፈላል፤ አጃቢ ነርስ ወይም ሐኪም ይኖራል፤ የአየር መንገዱ የሕክምና ፈቃድም ያስፈልጋል። የአየር አምቡላንስ ከሆነማ ወጪው ብቻውን ከ30 ሺህ ዩሮ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የማጓጓዣው ጣሪያ ከሕክምናው ጣሪያ የተለየ መሆኑን አረጋግጥ። ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ የሆስፒታሉ ሂሳብ መመለሻውን ይበላዋል።

መድረሻው በጽሑፍ ይታወቅ፦ ቦሌ ነው ወይስ ባሕር ዳር? ከቦሌ በኋላ ያለውን በረራ ወይም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የአምቡላንስ መንገድ ማን ይከፍላል? «የመኖሪያ ቦታ» የሚል ቃል ካለበት «አገር» ብቻ ከሚለው ይሻላችኋል። ስለ አስከሬን መመለስም እንደዚሁ ጠይቅ፤ ለመናገር ቢከብድም ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም።

ሽምብጥ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ ከጀርመን ብትገዛውስ?

ጣና ዳር፦
ይቻላል። እዚያ ለእንግዶች ብቻ የሚሸጥ መድን አለ። ግን ከመነሳታቸው በፊት ትግዛው፤ ከደረሱ በኋላ የተገዛ ብዙ ጊዜ የመጠበቂያ ጊዜ (ሽፋኑ ገና የማይሠራባቸው የመጀመሪያ ቀናት) ይኖረዋል። የዕድሜ ገደቡንም ትመልከት። እህትህ ለቪዛው ብላ በውጭ ዜጎች ቢሮ የጋባዥነት ግዴታ ፈርማ ከሆነ፣ መንግሥት ለእናትህ ሕክምና ያወጣውን ገንዘብ ከእሷ ሊጠይቃት ይችላል። በተለይ ለእሷ ሲባል በርካሹ አትቸኩሉ።

ዘጌ፦
ቀን ላይ ተጠንቀቁ። የተወለዱበት ቀን ከፓስፖርቱ ይገልበጥ እንጂ በቃል አይነገር። በእኛ 1949 ዓ.ም የተወለዱ እናት በፈረንጅ 1956 ወይም 1957 ናቸው፤ 1949 ተብሎ እንዳለ ከተጻፈ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ሆኖ አረቦኑም (የመድኑ ክፍያ) ይንራል፣ ከፓስፖርቱም ጋር ይጋጫል። በረራው ሌሊት ከሆነ ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የፈረንጁ ቀን እንደሚለወጥ አስታውሱ። ሽፋኑ ጀርመን ከሚደርሱበት ቀን ሳይሆን ከቦሌ ከሚነሱበት ይጀምር፤ በኢስታንቡል ወይም በዱባይ የሚያልፉ ከሆነ ደግሞ ለሸንገን ብቻ የሚሠራ ውል እዚያ አያገለግልም። ቪዛ ቢከለከሉ አረቦኑ እንደሚመለስ ተጽፎ ይሰጣችሁ።

አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ 112፣ ቀጥሎ ወዲያው የመድኑ የ24 ሰዓት ስልክ። ሳያሳውቁ ራስ ያደራጁት መመለሻ ብዙውን ጊዜ አይከፈልም። ቁጥሩንና የውሉን መለያ እህትህ ስልኳ ላይ፣ እናትህም በወረቀት ይያዙት።

ጣና ዳር፦
አንድ ነገር ለጣና አካባቢ ሰው፦ በሄዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት ከያዛቸው እህትህ «ወባ ካለበት አካባቢ ነው የመጡት» ብላ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ትንገር፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። ካልተነገረው እዚያ ያለ ሐኪም ጉንፋን ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ኪኒናቸውንም ለ3 ወር ከነማሸጊያው በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ የታወቀ ሕመም መደበኛ መድኃኒት በእነዚህ ውሎች በአብዛኛው አይሸፈንም።