ፔንቴን ስንት አይሶመር ነው ያለው? እኔ 5 አገኘሁ

ፍሬሽ ነኝ፦
ሰላም ናችሁ፣ ባሕር ዳር ነው የምማረው። የፔንቴንን፣ ማለት ሲ5ኤች12ን፣ አይሶመሮች (የአተሞቻቸው ዓይነትና ብዛት አንድ ሆኖ አሠራራቸው የሚለያይ ሞለኪውሎች) በሙሉ ሳሉ ተባልን። እኔ 5 ሳልኩ፣ መልሱ 3 ነው ተባለ። አንዱን ቀጥ አድርጌ፣ አንዱን ጫፉን ወደ ታች አጥፌ፣ አንዱን ቅርንጫፉን ከግራ 2ኛው ካርቦን ላይ፣ ሌላውን ከቀኝ 2ኛው ላይ፣ የመጨረሻውን እንደ መስቀል። ወረቀት ላይ ሳያቸው ሁሉም ይለያዩብኛል። የቶቹ ናቸው ትርፎቹ? ሰኞ ፈተና አለ፣ እባካችሁ።

ጣና ዳር፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ወረቀቱ ነው የሸወደህ። ጣና ዳር ያለውን የእግር መንገድ አስበው። መንገዱ ስለታጠፈ ሌላ መንገድ አይሆንም፣ መገንጠያ ሲያወጣ ነው ነገሩ የሚቀየረው። ስለዚህ የታጠፈው ያው ቀጥ ያለው ነው። የግራና የቀኙን ደግሞ ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፈህ ከጀርባው እየው፣ አንዱ ሌላውን ሆኖ ታገኘዋለህ። 3 ቀሩ።

የሽምብራዋ፦
እኔ የገባኝ በሽምብራና በስቴኪኒ ነው። ዛሬ ማታ ሽምብራ ዘፍዝፍ፣ ጠዋት ሲለሰልስ 5ቱን በ4 ስቴኪኒ አያይዛቸው፤ ሽምብራው ካርቦን፣ ስቴኪኒው ቦንድ (ማያያዣው) ነው፣ ሃይድሮጂኑን ለጊዜው ተወው። ከዚያ እንደፈለግክ አዙረው፣ አጣምመው። ምንም ሳትነቅል አንዱን ቅርጽ ወደ ሌላው ካመጣኸው ያው አንድ ሞለኪውል ነው። ስቴኪኒ ነቅለህ ሌላ ቦታ መሰካት ግድ ከሆነብህ ግን አይሶመር አገኘህ። በእጅህ ስታዞረው ያለው ስሜት በቃ ሌላ ነው፣ እኔ ከዚያ በኋላ ተሳስቼ አላውቅም። ይሄ የሚሠራው ለነጠላ ቦንድ ነው፣ ድርብ ቦንድ እንዲህ አይሽከረከርም፣ እነ ሲስና ትራንስ የሚባሉት አይሶመሮች የሚመጡት ከዚያ ነው።

ላብ ውስጥ፦
ልዩነቱ የስም ብቻ እንዳይመስልህ። በባሕር ወለል ግፊት ቀጥ ያለው በ36 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፣ አንድ ቅርንጫፍ ያለው በ28፣ መስቀሉ በ9.5 ገደማ። አተሞቹ እኩል ናቸው እኮ! ረጅሙ ከጎረቤቱ ጋር ጎን ለጎን ይጠጋል፣ መስቀሉ ግን እንደ ኳስ ስለሆነ የሚነካካበት ቦታ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይላቀቃል። ባሕር ዳር ላይ ክዳኑን ከፍተህ ብትተወው በኖ ያልቃል። ደግሞ በዚግዛግ ስትስል ጫፎቹንም ቁጠር፣ እነሱም ካርቦን ናቸው፣ ብዙ ሰው ማዕዘኖቹን ብቻ ቆጥሮ ነው የሚሳሳተው።

ፍሬሽ ነኝ፦
መስኮቱን ሞከርኩት፣ እውነትም አንድ ናቸው! ሽምብራው ተዘፍዝፏል። እስከዚያ 6 ካርቦን ያለውን ሄክሴንን በወረቀት ሠራሁት፣ እየገለበጥኩ ትርፉን ስሰርዝ 5 ቀረኝ። ልክ ነኝ?

የሽምብራዋ፦
ልክ ነህ፣ 5 ናቸው። ጠዋት ግን በሽምብራውም ሥራው።