ክርክር፦ በኦቨን የተጋገረ የዶሮ ደረት የየዕለት ምግብ ይሁን?

ጥያቄው፦ ኦቨን ውስጥ የበሰለ የዶሮ ደረት ጤናማ፣ ኪስ የማይጎዳ የየዕለት ምግብ ነው? የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን ጻፉ።

ደጋፊው፦
እኔ እደግፋለሁ። ቆዳው የተነሣለት የዶሮ ደረት ሲበስል በ100 ግራም ውስጥ ወደ 31 ግራም ፕሮቲን አለው። ካሎሪው 165 ገደማ ነው፣ ስቡ 4 ግራም አይሞላም። በዚህ ካሎሪ ይህን ያህል ፕሮቲን የሚሰጥ ምግብ ጥቂት ነው። ኦቨን ደግሞ ዘይት እምብዛም አይፈልግም፤ መጥበሻ ላይ የምናፈሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ይጨምራል። ከሥራ ደክሞት የገባ ሰው ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ቀብቶ ቢያስገባው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እራቱ ይደርሳል።

የቤት ወጪ ያዥዋ፦
ጤናው ላይ አልከራከርህም ወንድሜ። ኪስ አይጎዳም ያልከው ላይ ግን አልስማማም። አጥንትና ቆዳው ወጥቶለት የሚሸጥ ደረት አብዛኛውን ጊዜ ከዶሮ ሥጋ ሁሉ በኪሎ ውዱ ነው፤ የገንጣዩንም ድካም ትከፍላለህና። ሙሉ ዶሮ ገዝቶ ራሱ የሚገነጥል ሰው ደረቱን አንድ ቀን፣ ጭኑን ሌላ ቀን ይበላል፣ አጥንቱን መረቅ ያወጣበታል። ሌላም አለ፦ ደረት ሲበስል ከክብደቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። አንድ ኪሎ ጥሬ የገዛ ሰው ገበታ ላይ የሚያገኘው 750 ግራም ገደማ ነው። ከታሸገው መካከልም የጨው ውሃ የተወጋ አለ፤ ሰው በሥጋ ዋጋ ውሃ እየገዛ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትግዙ።

ደጋፊው፦
የጨው ውሃውን ነገር እቀበላለሁ እህቴ፣ እኔንም ያናድደኛል። ግን ዶሮ መገንጠል የሚችለው፣ ጊዜውስ ያለው ስንቱ ነው? ደረት የገዛ ሰው የሚጥለው አጥንት የለበትም።

ምግብ አብሳዩ፦
ሁለታችሁም ዋናውን ነገር አለፋችሁት። ብዙ ሰው ደረት ማብሰል ጀምሮ የሚተወው ደርቆ እንደ እንጨት ስለሚሆንበት ነው። የማይበላ ምግብ ደግሞ ጤናማም ርካሽም ሊባል አይችልም።

ጭን ስብም ጅማትም አለው፤ እሳት ላይ ሲቆይ ጅማቱ እየቀለጠ ይለሰልሳል። ደረት ይህ የለውም፤ በቆየ ቁጥር ሥጋው እየተኮማተረ ፈሳሹን ያወጣል። ቅርጹም አያግዝም፦ አንዱ ጫፍ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ስለሆነ ወፍራሙ እስኪበስል ቀጭኑ ደርቆ ያልቃል። ስለዚህ በላስቲክ ሸፍናችሁ ውፍረቱ እኩል እስኪሆን በመዳመጫ ምቱት። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም ጨው አሟሙታችሁ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ አውጥታችሁ በደንብ አድርቁት፣ ሌላ ጨው አትጨምሩበት። (ቀድሞ የጨው ውሃ የተወጋ ከሆነ መዘፍዘፉ ይቅር።) ኦቨኑ አስቀድሞ በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጋል። መካከለኛ መጠን ያለው ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሆኖም ከሰዓት ይልቅ ቴርሞሜትር እመኑ። ወፍራሙ ቦታ መሃሉ ላይ ስትወጉት 74 ዲግሪ ካሳየ አውጡት። ቀለሙ ነጣ ብላችሁ አትመኑ፣ ነጥቶም ያልበሰለ አለ። ካወጣችሁት በኋላ 5 ደቂቃ ይረፍ፤ ወዲያው ከተቆረጠ ፈሳሹ መክተፊያው ላይ ይቀራል።

አንዲት እናት፦
ሳይታጠብ ነው እንዴ የሚበስለው? እኔ ሳላጥብ እጄ አይሄድም።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ፦
አይታጠብ እህቴ። ጥሬ ዶሮ ላይ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። በቧንቧ ስታጥቢው ውሃው እየተረጨ ወደ ዕቃውና ጥሬውን ወደሚበላው ሰላጣ ያደርሳቸዋል። የሚገድላቸው እሳቱ ነው። መታጠብ ያለባቸው እጅሽ፣ ቢላዋውና መክተፊያው ናቸው፣ ያውም በሳሙና።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ እኔ የምቃወመው «የየዕለት» የሚለውን ነው። ደረት አሰር (ፋይበር) የለውም። ቫይታሚን ሲ የለውም ማለት ይቻላል፣ ካልሲየሙም ጥቂት ነው። ብረቱ በ100 ግራም 1 ሚሊ ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ከተቀቀለ ምስር ጋር አነጻጽሩት፦ በ100 ግራም 9 ግራም ፕሮቲን፣ 8 ግራም የሚጠጋ አሰርና ከ3 ሚሊ ግራም በላይ ብረት። የምስርን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም፤ ሥጋ አብሮ ሲበላ ግን የተሻለ ይወስደዋል። እኔ የማበረታታው ትንሽ ደረት ከብዙ ጥራጥሬና አትክልት ጋር አንድ ሳህን ላይ ሲቀርብ ነው። ትልቅ ደረት ብቻውን ሳህኑን ሞልቶ፣ ጠዋት ማታ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲበላ ሳይ ግን እሰጋለሁ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ደጋፊው፦
እሺ፣ ምስሩም ይግባ። ጠዋት ማታ አላልኩም፣ በቀን አንድ ጊዜ ነው። ለአንድ ደረት ኦቨን ማጋል ብክነት ነው ለምትሉኝም፣ ትሪውን ሙሉ አንዴ ጋግሩት። በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ከገባ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ውድ የተዘጋጀ ምግብ ከመግዛት ይድናል፤ ቁጠባ የምለው ይህን ነው።

የቤት ወጪ ያዥዋ፦
ከተዘጋጀ ምግብ ጋር ካወዳደርከውማ ቤት የበሰለ ነገር ሁሉ ያሸንፋል። እኔ የማወዳድረው ቤት ከሚበስለው ጋር ነው። የከፈልከውን ገንዘብ ለምታገኘው የፕሮቲን ግራም አካፍለው፦ ለአንድ ኪሎ ጥሬ ደረት 225 ግራም ገደማ፣ ለአንድ ትልቅ እንቁላል 6 ግራም። ጭኑን አጥንቱን ቀንሰህ መዝን። እኔ ባካፈልኩ ቁጥር እንቁላልና ጭን ደረትን ሲበልጡት ነው ያየሁት። የአንተ ሒሳብ ሌላ ከሆነ ዋጋውን ጻፍልንና አብረን እናካፍለው።