የደቻቱ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሞዴል፦ 99 በመቶ ትክክለኝነት አገኘሁ፤ ለምን አላመንኩትም?

ደቻቱ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ የምኖር የኮምፒውተር ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፌን በደቻቱ ወንዝ ድንገተኛ ጎርፍ ላይ እየሠራሁ ነው። ከተማዋን ለማያውቅ አንባቢ ለመግለጽ ያህል፣ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የሌለበት፣ ሰውና ግመል የሚሻገርበት ሰፊ አሸዋ ነው፤ በሞላ ጊዜ ግን ፋታ አይሰጥም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ርዕሱን የመረጥኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከከተማዋ ጣቢያ የተገኘውን ዕለታዊ የዝናብ መጠን ወስጄ፣ ጎርፍ የደረሰባቸውን ቀናት 1፣ ሌሎቹን 0 ብዬ ለየሁ። የጎርፍ ቀናቱ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ካሉት ተነሥቶ ሠራሽ ምሳሌዎችን በሚፈጥረው፣ ስሞት (SMOTE) በሚባለው ዘዴ (ስሙ በአማርኛ ሲነበብ ደስ አይልም) አበዛኋቸው፤ ከዚያም 80 በመቶውን ለማሠልጠኛ፣ 20 በመቶውን ለመፈተኛ በዘፈቀደ ከፍዬ ኤልኤስቲኤም (LSTM፣ በጊዜ ቅደም ተከተል ከሚመጣ መረጃ የሚማር የነርቭ መረብ) አሠለጠንኩ። ትክክለኝነቱ ከ99 በመቶ በላይ ሆነ። አማካሪዬ ደስ ብሏቸው «በል ወደ መጻፉ ግባ» ብለውኛል። እኔ ግን ከመረጃው አስቀድሜ ለይቼ ያስቀመጥኩትን አንድ የጎርፍ ቀን ብሰጠው «ጎርፍ የለም» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው አልዋጥልህ ብሎኛል። ስህተቱ የት ላይ ነው? ኤልኤስቲኤምን ትቼ ራንደም ፎረስት (የብዙ የውሳኔ ዛፎችን መልስ የሚያጣምር ቀለል ያለ ስልት) ብጠቀምስ ጽሑፌ ያነሰ ተደርጎ ይታይብኝ ይሆን?

ማሽን ለርኒንግ አስተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። መጠራጠርዎ ተገቢ ነው፤ ከተቻለ ወደ መጻፉ ከመግባትዎ በፊት ወደ ኋላ ይመለሱ።

የመጀመሪያው ችግር ቅደም ተከተሉ ነው። ስሞት አዲስ መረጃ የሚፈጥረው በሁለት ተቀራራቢ የጎርፍ ቀናት መካከል ያሉ ቁጥሮችን በመውሰድ ነው። እርስዎ ደግሞ አስቀድመው አብዝተው ኋላ ላይ ስለከፈሉ፣ ለመፈተኛ በተቀመጠው ክፍል ውስጥ ያሉት «ጎርፎች» በማሠልጠኛው ውስጥ ያሉት የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ተማሪው ፈተናውን ከነመልሱ ቀድሞ አይቶት ገባ ማለት ነው። ማብዛት ካስፈለገ ማሠልጠኛውን ብቻ ያብዙ። ክፍፍሉም በዘፈቀደ ሳይሆን በጊዜ ይሁን፤ በቀደሙት ዓመታት አሠልጥነው በኋለኞቹ ይፈትኑ።

ሳያበዙም ቢሆን «ትክክለኝነት» የሚለው መለኪያ እዚህ አይረዳዎትም። ከ1,000 ቀናት 5ቱ ብቻ የጎርፍ ቀን ቢሆኑ፣ በየቀኑ «ጎርፍ የለም» የሚል አንድ መስመር ኮድ 99.5 በመቶ ያገኛል፤ አንድም ሰው ግን አያድንም። ሪኮልን (ከደረሱት ጎርፎች ስንቱን እንዳወቀ) እና ፕሪሲዥንን (ካስጠነቀቀው ውስጥ ስንቱ እውነት እንደሆነ) ለየብቻ ያቅርቡ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰውና ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነው። ዕለታዊ ዝናብ የሚነበበው ጠዋት ነው። ማታ የዘነበው ዝናብ ሌሊቱን ጎርፍ ሆኖ ቢወርድ፣ መጠኑ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው በማግሥቱ፣ ጎርፉ አልፎ ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ ሞዴልዎ ያንኑ ቀን ዝናብ ተቀብሎ ያንኑ ቀን ጎርፍ የሚናገር ከሆነ፣ ያለፈውን ነገር እየነገረን ነው እንጂ እየተነበየ አይደለም። ከስንት ሰዓት በፊት ሊያስጠነቅቅ እንደታሰበ ፕሮፖዛሉ ላይ በቁጥር ይጻፉ፤ ብዙው ጥያቄ ያን ጊዜ ራሱን ይመልሳል።

ኤልኤስቲኤምን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ሆክራይተርና ሽሚድሁበር ያቀረቡት ይህ ስልት በወንዝ ፍሰት ትንበያ ላይ ጥሩ ስም አለው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የክራትዘርትና የባልደረቦቹ ሥራ አንድ ሞዴል ያሠለጠነው የ531 የአሜሪካ ተፋሰሶችን መረጃ በአንድነት ይዞ ነው። አንድ ጣቢያና ጥቂት ጎርፎች ይዞ ያንን ውጤት መጠበቅ ግን አይቻልም። ራንደም ፎረስት ቢጠቀሙ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የሚያሳፍረው «ዝናቡ ከዚህ ሚሊ ሜትር ካለፈ አስጠንቅቅ» ከሚል ተራ ደንብ ጋር ሳያወዳድሩ መቅረብ ነው።

ሽቦና ብየዳ

በመምህሩ ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጣቢያው ከተማ ውስጥ ከሆነ የሚለካው ሌላ ዝናብ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደቻቱን የሚሞላው ግን በስተደቡብ በደንገጎ በኩል ባለው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው ደጋ ላይ የሚጥለው ዝናብ ነው። ከተማው ውስጥ ከዚራ ሰፈር ላይ ጠብ ሳይል ደቻቱ ሊሞላ ይችላል።

የደጋውን ዝናብ ከሳተላይት ማግኘት ይቻላል። ቺርፕስ (CHIRPS) እና አይመርግ (IMERG) የሚባሉ የዝናብ መረጃ ስብስቦች አሉ፤ ቺርፕስ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ዕለታዊ መረጃ በ0.05 ዲግሪ የኬክሮስና ኬንትሮስ ጥራት፣ አይመርግ ደግሞ በየ30 ደቂቃው በ0.1 ዲግሪ በነፃ ያቀርባሉ። ነገር ግን የአይመርግ ፈጣኑ እትም እንኳ የሚደርሰው ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ለማሠልጠኛ እንጂ ለማስጠንቀቂያ አይሆንም። ለማስጠንቀቂያው ላይኛው ተፋሰስ ላይ ሴንሰር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ እኔ የተሳሳትኩትን ልንገርዎ። ከዚህ ቀደም ከጓደኞቼ ጋር ርካሽ የአልትራሳውንድ ሴንሰር (ድምፅ ልኮ እስኪመለስ በሚወስደው ጊዜ ርቀት የሚለካ) ከአንድ ዝቅተኛ ድልድይ ሥር፣ አሸዋውን ቁልቁል እንዲያይ አድርገን ሰቀልን። በየቀኑ ከቀትር በኋላ ውኃው ከፍ ማለቱን ይነግረን ነበር፤ ወርደን ብናይ አሸዋው ደረቅ ነው። ኮዱ የድምፅን ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ብሎ ይዞታል፤ ይህ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በ35 ዲግሪ ፍጥነቱ ወደ 352 ይጠጋል፤ በ4 ሜትር ርቀት ላይ ልዩነቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የድሬ ሙቀት ደግሞ አይታማም። አንድ ትንሽ የሙቀት መለኪያ ጨምረን ብናስተካክለው ዳነ። የቀረን ፍየሎቹ ነበሩ፤ ጥላ ፍለጋ ከሴንሰሩ ሥር ገብተው ይቆማሉ።

የመጋላ ልጅ

እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም፤ በ98ቱ ሌሊት ግን እዚሁ ነበርኩ። ሰው ተኝቶ ነበር። መልእክቱ በስልክ ይላካል ከተባለ፣ ሌሊት ስልኩን የሚያጠፋው ሰው እንዴት ይሰማል? በአማርኛ ብቻ ከሆነስ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚናገረው ጎረቤቴ ምን ያደርጋል? ደግሞም ሦስት ጊዜ በከንቱ ከአልጋችን ካስነሳችሁን በአራተኛው አንነሳም። ስንት የሐሰት ማስጠንቀቂያ እንደምንታገሥ ወንዙ ዳር የምንኖረውን ጠይቁን።

ደቻቱ ዳር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ መረጃውን በጊዜ ከፍዬ፣ ማብዛቱን ማሠልጠኛው ላይ ብቻ አድርጌ ደገምኩት፤ ሪኮሉ ክፉኛ ወረደ፣ ተራው ደንብም ከኤልኤስቲኤሙ በለጠ። ለአማካሪዬ ሁለቱንም ውጤት ጎን ለጎን አሳየኋቸው፤ ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲህ ርዕሱ ይጥበብ» አሉኝ። የደጋውን ዝናብ በየግማሽ ሰዓቱ ይዤ፣ ከ2 ሰዓት በፊት ማስጠንቀቅ ይቻል እንደሆነ ብቻ እመረምራለሁ። የመጋላው ወንድሜ ያነሡትን የትዕግሥት ጥያቄ በአጭር መጠይቅ አካትቼዋለሁ። ሽቦና ብየዳ፣ የፍየሎቹን ነገር በምን ፈታችሁት?

ሽቦና ብየዳ

በተከታታይ የተወሰዱ 15 ንባቦችን በመጠን ደርድረን መካከለኛውን ወሰድን፤ ለሚያልፍ ፍየል ይበቃል። ለሚተኛ ፍየል ግን አጥር ሠራን።