ለሴቶች ደርስ፦ የሴት ሙሐዲሶችን ታሪክ ከየት ልጀምር?

ኡሙ አይመን (ኮዬ ፈጬ)፦
አሰላሙ ዐለይኩም። ሰፈራችን መስጂድ ባለው የሴቶች ደርስ ስለ ጥንት ሴት ሙሐዲሶች (የነቢዩን ንግግር፣ ሐዲስን፣ የሚያስተላልፉ ዓሊሞች) ለአራት ሳምንት ልንቀራ ነው። የማገኘው ጽሑፍ ሁሉ «ታላቅ ዓሊም ነበሩ» ብሎ ያበቃል። በትክክል ሥራቸው ምን ነበር? ወንዶቹስ ከሩቅ አገር እነሱ ዘንድ የሚሄዱት ለምንድን ነው? ጀዛኩሙላሁ ኸይር።

ደረሳ (ፉሪ)፦
ወዐለይኩሙ ሰላም እህቴ። ከሰነድ (ሐዲሱን እየተቀባበሉ ያስተላለፉት ሰዎች ሰንሰለት) አጭርነት ጀምሪ፤ እሱ ካልገባቸው የቀረው ውዳሴ ብቻ ይሆንባቸዋል። የደማስቆዋ ዓኢሻ ቢንት ሙሐመድ ኢብን ዐብዱልሃዲ በ723 ሂጅሪ (በእስልምና ዘመን አቆጣጠር) ተወልደው በ816 ዓረፉ። ሶሒሕ ቡኻሪ (የቡኻሪ የሐዲስ ኪታብ) ሲቀራ ሸይኻቸው ሐጃር ዘንድ የተገኙት ገና በአራተኛ ዓመታቸው ነው። ሐጃር የሞቱት በ730 ነውና ከእሳቸው የሰማ ሰው ውሎ አድሮ አለቀ፤ ዓኢሻ ቀሩ። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ጻፊላቸው፦ ዓኢሻ፣ ሐጃር፣ ዘቢዲ፣ አቡል ወቅት፣ ዳዉዲ፣ ሰረኽሲ፣ ፊረብሪ፣ ቡኻሪ። ቡኻሪ የሞቱት በ256 ነው። 560 ዓመት በስድስት ሰው ብቻ ተሻገረ ማለት ነው! ሰው ባነሰ ቁጥር ስህተት የሚገባበትም ያንሳል። ኢብን ሐጀር አል ዐስቀላኒን የሚያህል የሐዲስ ዓሊም ደማስቆ ድረስ ሄዶ እሳቸው ዘንድ የቀራው ያለ ምክንያት አይደለም።

የኪታብ ወዳጅ፦
መጅሊሱ (ኪታቡ የሚቀራበት ጉባኤ) እንዴት ይካሄድ እንደነበርም አሳዪአቸው። ሸይኻዋ (ሴት መምህሯ) ይቀመጣሉ፤ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራል፤ ሌላው በየቅጂው ይከታተላል፤ ጸሐፊው የተገኙትን ይመዘግባል። ሲያልቅ የሸይኻዋ፣ የአንባቢውና የታዳሚዎቹ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ኪታቡ ላይ ይሰፍራል። ዘግይቶ የመጣ ካለ ያመለጠው ክፍል ተለይቶ ይጻፋል። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በልማዱ «ሰማ» ይባላል፣ ከዚያ በታች ያለው «ተገኘ»። የዓኢሻም ሁለተኛው ስለሆነ፣ ለሴቶቹ «ሰሙ» ብለሽ አትንገሪያቸው።

ከዚያ ሙቃበላ አለ፤ ቅጂውን ከዋናው ጋር ማመሳከር። ጥንቁቅ ጸሐፊ በሐዲስና በሐዲስ መሀል ባዶ ክብ ይተዋል፤ የተመሳከረው ላይ ክቡ ውስጥ ነጥብ ይደረጋል። ነጥብ የሌለበት ክብ ገና ያልታየ ነው። መካ የኖሩት ከሪማ አል መርወዚያ (በ463 ያረፉት) ሲያስተላልፉ ከዋናው ሳያመሳክሩ አያልፉም ነበር። ቡኻሪን የያዙት ከኩሽሚሀኒ ነው፤ ኩሽሚሀኒ ደግሞ ከፊረብሪ። የሐዲስ ዓሊሙ ኸጢብ አል ባግዳዲ ሐጅ በሄደበት ሙሉውን በአምስት ቀን ቀርቶባቸዋል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጡት ከሪማ ናቸው።

ኡሙ አይመን፦
ማሻአላህ። ኢጃዛ (የማስተላለፍ ፈቃድ) ብቻ ያላት ሴትስ? ሳትሰማ ማለቴ ነው።

ደረሳ (ፉሪ)፦
ትቆጠራለች፣ ደረጃው ግን ከሰማዕ (ራስ ከመስማት) ያንሳል። ዘይነብ ቢንት አል ከማል (646–740) በልጅነታቸው ከብዙ አገር ዑለማ ኢጃዛ ተወስዶላቸዋል። ዕድሜያቸው ሲገፋ ብዙዎቹን ኪታቦች በዚያ መንገድ የሚያስተላልፍ ሌላ ሰው ጠፋ። ኢብን በጡጣም በ726 ደማስቆ ሲደርስ ኢጃዛ ከሰጡት መሀል ናቸው። የማናቸውንም ስም ስታነሺ «ሰማዕ ነው፣ ሑዱር (መገኘት) ነው ወይስ ኢጃዛ?» ብለሽ ለዪ።

የኪታብ ወዳጅ፦
ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። የሐዲስ ዓሊሙ ዘሀቢ ስለ ደካማ አስተላላፊዎች በጻፉት ሚዛን ኪታባቸው ከሴቶች በውሸት የተጠረጠረች ወይም ሐዲሷ የተተወባት አላውቅም ብለዋል። ይህ «ሴት ሁሉ ታማኝ ራዊ (ሐዲስ አስተላላፊ) ናት» እየተባለ ይዞራል፤ ልክ አይደለም። ቃሉ ያለው ማንነታቸው ያልታወቀ ሴቶች በተዘረዘሩበት ክፍል መግቢያ ነው። ያልታወቀች ራዊ ባትዋሽም ሐዲሷ ያለ ደጋፊ አይጸናም።

ሌላው ዘመኑ ነው። 816 ሂጅሪ በፈረንጅ 1413፣ በእኛ 1405 ነው፤ የዓኢሻ 93 ዓመትም በጨረቃ ስለሆነ በፀሐይ 90 ገደማ ይመጣል። አንዱን ዘመን ይዘሽ እስከ አራተኛው ሳምንት ዝለቂ። ለመጀመሪያው ሳምንት ዐምራ ቢንት ዐብዱረሕማንን ያዢ፤ ኸሊፋው ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ ወደ መዲና ጽፈው ሐዲሳቸው እንዲጻፍ ያዘዙላቸው ናቸው።