ክርክር፦ ለመጪው ዓመት ቴአትር ወይስ ሙዚቃዊ ድራማ? የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች ተነጋገሩበት

ጽሑፍ ያዥ

ውድ ጎረቤቶቼ፣ የአዳራሹ ኮሚቴ ባለፈው እሑድ ያሳለፈውን ውሳኔ ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከመጪው መስከረም ጀምሮ የሠፈራችን የቴአትር ክበብ የሚያቀርበው ሙዚቃዊ ድራማና አጫጭር ኮሜዲ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ሙሉ ቴአትር ይቀራል ተብሏል። የተሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ ሙዚቃዊው አዳራሹን ይሞላል፣ ቴአትሩ አይሞላም።

እኔ አልስማማም። ብዙዎቻችሁ ወደ ሠፈሩ የገባችሁት ዘግይታችሁ ስለሆነ ባለፉት አምስት ዓመታት ምን እንዳቀረብን ላስታውስ። የመጀመሪያው ዓመት የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ነበር። በሁለተኛው ዓመት ራሳችን ጽፈን ከልደታና ከአራት ኪሎ ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየም ስለመጡ ቤተሰቦች አቀረብን፤ ጽሑፉ ደካማ ነበር፣ ሰው ግን አልቅሶበታል። በሦስተኛው ወደ መንግሥቱ ለማ ተመልሰን «ጠልፎ በኪሴ»ን ሠራን። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁለት ዓመት የሙዚቃዊ ድራማ ነው፤ የሠርጉ፣ የገናው፣ የፋሲካው።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ፤ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ አቀብላለሁ። «ያላቻ ጋብቻ» የተዘጋ ዕለት ሰው ሁሉ ሲወጣ አንዲት ወጣት ከፊተኛው ወንበር አልተነሣችም። እዚሁ ብሎክ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። ደብተሬን ስሰበስብ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ከተጋቡ በኋላስ ደመወዟን ማን ከፈላት?» አለችኝ። የመኳንንት ዘር የሆነው፣ ውጭ አገር የተማረው ባሕሩ የቤት ሠራተኛውን በለጤን ማግባቱን እኛ ሦስት ወር ሙሉ ስንለማመድ እንደ ትልቅ ቁም ነገር ስናደንቀው ከርመናል። ስለ ደመወዟ ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አላሰበም። የምመልስላት አጥቼ ዝም አልኩ። ልጅቷ ግን ያንን ጥያቄ ያገኘችው ሁለት ሰዓት ቁጭ ብላ፣ የሰውን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትላ ነው።

ይህ እንዲቀር ነው ወይ የምንወስነው? እስቲ ተናገሩ።

ኪቦርድ ተጫዋቹ

እትዬ፣ እርስዎን ስለማከብር በግልጽ ልናገር። ሁለቱን ዓመት ሙዚቃዊ ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ነገሩ እኔንም ይነካኛል።

በመጀመሪያ፣ አዳራሹ የተሠራው ለንግግር አይደለም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ምንም አይሰማም። «ጠልፎ በኪሴ» በቀረበበት በሐምሌ ቅዳሜ ተዋናዮቹ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ጮኹ፤ ከኋላ የነበረው ሰው አንድ በአንድ ወጣ። ያ ሰው ቴአትር ጠልቶ አይደለም፣ ስላልሰማ ነው። ሙዚቃዊው በድምፅ ማጉያ ስለሚቀርብ ዝናቡን ያሸንፋል።

ሁለተኛ፣ የጀነሬተሩን ነዳጅ የሚከፍለው የሙዚቃዊው ትኬት ነው። ቴአትሩ ዕዳ ጥሎብን ነው የሄደው።

ሦስተኛውን ግን ከሁሉ አስበልጬ እናገራለሁ። ሙዚቃዊ ሲባል አንዳንዱ ሰው ፊቱን ያጠቁራል፤ ጭፈራ ብቻ ይመስለዋል። በሠርጉ ድራማ ላይ ሠላሳ ልጆች ነበሩ። ድምፅ መጠበቅ፣ ተራ መጠበቅ፣ አንዱ ሲስት ሌላው መያዝ ተምረዋል። ይህ ከቴአትር ያነሰ ነው የሚለኝ ሰው አንድ ቀን ልምምድ መጥቶ ይይ።

ብሎክ 31

ቴአትር የሚፈልግ ሰው ከኪሱ ያዋጣ። አዳራሹ የሁላችንም ነው፤ ባዶ ወንበር የምናበራበት ጀነሬተር የለንም።

የሁለት ልጆች አባት

ብሎክ 31፣ ወንድሜ፣ «የሚፈልግ ይሂድ» የሚባለው የሚሄድበት ቦታ ሲኖር ነው። ከዚህ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጆቼን ይዤ አንድ እሑድ ሞክሬዋለሁ። እስከ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከቃሊቲ በባቡር፣ ከባቡሩ ወርደን ደግሞ በእግር። ቴአትሩ ሲያልቅ መሽቷል። ቃሊቲ ስንደርስ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፉ ከመብራቱ ምሰሶ አልፎ ነበር። ትንሿ ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ቤት የገባነው ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። የአራት ሰው ትራንስፖርት፣ የአራት ሰው መግቢያ፣ ዳቦና ውኃ፤ ሁለተኛ አልሞከርነውም።

አራት ኪሎ ስንኖር ሀገር ፍቅርም ብሔራዊም የእግር መንገድ ነበሩ። ወደዚህ ስንመጣ ቤት አገኘን፣ ይህን ግን አጣን። ይህ አዳራሽ ቴአትር ካላሳየ ልጆቼ ቴአትር የሚባለውን ነገር ሳያውቁ ያድጋሉ።

የድሮ የኪነት አባል

ልጆቼ፣ ክርክራችሁን ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። ሁለታችሁም ያልተለያየ ነገር ለይታችሁ ነው የምትሟገቱት።

የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ጣሊያን ሊወርረን ተቃርቦ ነበር፤ ሕዝቡን ለማንቃት የቀረበለት ንግግርም ዜማም ነው። ከነጻነት በኋላም መድረኩ በዚያው ቀጠለ። በዚያ ቤት የሚዘፍነው ሰው ይተውናል፣ የሚተውነው ይዘፍናል። እኔ በደርግ ዘመን በቀበሌ ኪነት ያደግኩ ነኝ። በየቀበሌው ቡድን ነበረ። እውነቱን ለመናገር፣ ግጥሙ የሚመጣልን ከላይ ነበር፤ መፈክር ነው የምንዘምረው፣ ይህን አላሞግስም። ሙያውን ግን ያገኘነው እዚያ ነው። ከበሮ የሚመታው ልጅ በሚቀጥለው ትዕይንት ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ማታ ብርዱ ሲገባ የከበሮው ቆዳ ይረግባል፤ የቡና ከሰል ምድጃ ዳር አስጠግተን ቀስ ብለን እናዞረዋለን፣ ቆዳው ሲወጠር በጣት ነካ አድርገን እናዳምጠዋለን። ያ ልጅ የዳኛውን ንግግር በልቡ የሚያጠናው ከበሮውን እያሞቀ ነበር። በአንድ እጁ ከበሮ፣ በሌላው ወረቀት።

አሁን ኪቦርድ ተጫዋቹ «የእኔ»፣ እትዬም «የእኔ» ሲሉ አዝናለሁ። ዮፍታሔ ንጉሤን አስታውሱ። የደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ነው። አዲስ አበባ መጥቶ የትምህርት ቤት ልጆችን ሰብስቦ ቴአትር ያሠራ ነበር፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ነው የሚያወጣው። በወረራው ዘመን ሱዳን ተሰደደ። ስለ ወረራው የጻፈው «አፋጀሽኝ» በግጥም ነው፣ ዜማ አለበት። ይህ ቴአትር ነው ወይስ ሙዚቃዊ? እስቲ ንገሩኝ።

የሕግ ተማሪ

ጋሼ የጠሩት ስም እኔ ላነሣው ከነበረው ነገር ጋር ስለገጠመ ልግባበት።

ክበቡ ሁለት ጊዜ የመንግሥቱ ለማን ሥራ አቅርቧል። ፈቃድ ተጠይቋል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው የደራሲው መብት በሕይወቱ ዘመን ሁሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። በሕዝብ ፊት ማቅረብም ከመብቶቹ አንዱ ነው። መንግሥቱ ለማ ያረፈው በ1980 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ እስከ 2030 ድረስ ወራሾቹን መጠየቅ ግድ ነው። የጸጋዬ ገብረመድኅን ትርጉሞች ደግሞ ገና ብዙ ይቀራቸዋል፣ እሱ ያረፈው በ1998 ነው። ሼክስፒር ራሱ ነጻ ነው፤ «ሐምሌት» በጸጋዬ አማርኛ ግን ነጻ አይደለም። ትኬት የምንሸጥ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል።

ዮፍታሔ ግን በ1939 ዓ.ም. ነው ያረፈው። 50 ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል።

ይህን የምለው ቴአትር ይቅር ለማለት አይደለም። ኮሚቴው ነገ ይህን ጉዳይ ሰበብ አድርጎ እንዳያመጣብን ቀድመን እናስተካክለው ለማለት ነው።

ጽሑፍ ያዥ

ልጄ፣ ልክ ነህ። አልጠየቅንም። ማንን እንደምንጠይቅም አላሰብንበትም፤ መጽሐፉን ገዝተን፣ በደብተር ገልብጠን፣ አከፋፍለን ጀመርን። ይህ ስሕተት ነው፣ የእኔም ድርሻ አለበት። ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ይጻፋል፤ አንተ ብታረቅቅልን ደግሞ ደስ ይለኛል።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ስለ ዝናቡ የተናገረውም እውነት ነው። ግን ወንድሜ፣ ያን ቀን ቴአትሩን ያሸነፈው ዝናቡ ነው። የሐምሌን ዝናብ ለቴአትር የሰጠው ማነው? ደረቁን ወራት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን፣ ለበዓል ሙዚቃዊ ይዘን ቴአትሩን ክረምት ላይ ጣልነው። ከዚያ ሰው አልመጣም ብለን ቆጠርን። በእንዲህ ያለ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ መስጠት ፍርድ ማዛባት ነው፤ ይህን ለኮሚቴው ፊት ለፊት ተናግሬዋለሁ፣ አሁንም እደግመዋለሁ። «ያላቻ ጋብቻ» በጥር ነበር የቀረበው። ያኔ ቆመው ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ መጀመሪያ የመጣችሁ ታስታውሳላችሁ።

የአማርኛ መምህርት

እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። የነባር ደራስያንን ሥራ ደጋግሞ ማቅረብ ብቻውን አያዋጣም። እትዬ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈውታል እንጂ በሁለተኛው ዓመት ራሳችን የጻፍነው ነው ለእኔ የክበቡ ዋናው ሥራ። ጽሑፉ ደካማ ነበር፣ አዎ። ትዕይንቶቹ አይያያዙም፤ ሰው ገብቶ ለምን እንደወጣ አይታወቅም። ግን በዚያ ውስጥ የጉልት ነጋዴዋ ሴትዮ አለች፤ ልደታ ያሏትን ደንበኞቿን በስም እየጠራች ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት የምትቆጥርበት ቦታ። አሁን በአንድ ከተማ ዳርቻ ተበትነዋል፤ ጀሞ የሄደ አለ፣ የካ አባዶ የሄደ አለ። ዕዳውን ማን ይሰበስባል? ይህን የጻፈችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ጻፊ ያላት ሰው የለም። በሙዚቃዊው ላይ ዘማሪ ሆነች፤ ከኋላ ረድፍ።

በክፍል ውስጥ የማየው ደግሞ አለ። ረጅም ንግግር በልቡ ያጠና ልጅ ድርሰት ሲጽፍ ዐረፍተ ነገሩን ይጨርሳል። ሐሳብ ጀምሮ አይጥልም።

ብሎክ 31

መምህርት፣ የጉልት ነጋዴዋን አስታውሳለሁ። እናቴን ይዤ ነበር የመጣሁት፤ እናቴ ልደታ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። ያንን ቴአትር አልተቃወምኩም። የተቃወምኩት ወጪውን ነው፤ አሁንም ወጪውን ማን እንደሚችል አንድም ሰው አልነገረኝም።

ኪቦርድ ተጫዋቹ

ስለ ወራቱ እትዬ ያሉትን አልመለስኩም፤ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ጥርን ለሠርጉ ድራማ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። የሠርግ ወቅት ስለሆነ ብዬ ነው፤ ቴአትሩ ወዴት እንደሚገፋ አልጠየቅኩም። ይህን አምናለሁ።

ለብሎክ 31፦ የገናው ሙዚቃዊ ይቆይ። ከእሱ የሚተርፈው ለየካቲት ቴአትር ጀነሬተር ይሁን። በቀን ከቀረበ ደግሞ ጀነሬተሩም ላያስፈልግ ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ በሮቹን ከፍተን ብናሳይ ብርሃን ይበቃል።

ለጋሼ፦ «አፋጀሽኝ»ን አንብቤ አላውቅም። ጽሑፉ ያለው ሰው ካለ ያቀብለኝ። ዜማውን ከባቲ ቅኝት ልጀምረው ወይስ ከአንቺሆዬ የሚለውን ግጥሙን ሳላይ መወሰን አልችልም። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ያስፈልገኛል፤ ይህ በኪቦርድ አይሆንም።

የድሮ የኪነት አባል

ማሲንቆ የሚጫወት አውቃለሁ። ብሎክ 8 ነው የሚኖረው፤ ለረጅም ጊዜ አልተጫወተም። እኔ አነጋግረዋለሁ።

ጽሑፍ ያዥ

እንግዲያው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ፊት ይዤ የምቀርበው ይህ ነው፦ ገና ለሙዚቃዊው፤ የካቲት ለቴአትር፣ በቀን ብርሃን፤ ግንቦት ደግሞ ራሳችን ለምንጽፈው። ክረምቱ ለልምምድ ይሁን። የመንግሥቱ ለማ ወራሾች እስኪፈቅዱ ድረስ የእሱን ሥራ አንነካም። የምትደግፉ በአካል ኑ፤ ኮሚቴው ከዚህ የተጻፈውን ሳይሆን ወንበር ላይ የተቀመጠውን ነው የሚያየው።

መምህርት፣ ያቺን ተማሪ ይዘሻት ነይ። የጉልት ነጋዴዋ ክፍል ያለበት ደብተር እኔ ዘንድ አለ፤ የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ዳሩ ቡና ፈሶበታል እንጂ ይነበባል። በሰው ቤት የምትሠራዋንም ልጅ ጠይቄያታለሁ፤ አሠሪዎቿ ከፈቀዱላት እመጣለሁ ብላለች።

ብሎክ 31

እመጣለሁ። የነዳጁን ሒሳብ ጽፋችሁ አምጡ።