ኢምፓክት መስኮት ወይስ የብረት ፓነል? ከሚራማር፣ ፍሎሪዳ የቀረበ ጥያቄ

የሚራማሯ (ጠያቂ)፦ ጤና ይስጥልን። በ1980ዎቹ የተሠራ ቤት ገዝተናል። መስኮቶቹ የድሮ ናቸው፣ መስታወታቸውም ስስ ነው። ሃሪኬን መጣ በተባለ ቁጥር ባለቤቴ ከጋራዥ የብረት ፓነል እያወጣ መስኮቶቹ ላይ ሲያስር ወገቡ አለቀ። ሃሪኬን የሚቋቋመውን ኢምፓክት መስኮት እናስገባ ብለን ዋጋ ስንጠይቅ ደነገጥን። አንዱ ኮንትራክተር «ያለ ፐርሚት (ያለ ግንባታ ፈቃድ) ከሆነ ብዙ እቀንስላችኋለሁ፣ ግማሹን ግን አሁን ክፈሉ» አለን። የፊት ለፊቱን ብቻ ቀይረን የጓሮውን ብናቆየውስ?

አባ መስኮት፦ እንጀራዬ መስኮት መግጠም ነው። ያን ሰውዬ በሩን ዝጉበት። ሚራማር ባለችበት በብሮዋርድ ካውንቲና በጎረቤቱ ማያሚ ዴድ ውስጥ ከ1992ቱ ሃሪኬን አንድሩ ወዲህ በመስኮት ቀልድ የለም። ያለ ፐርሚት የተገጠመ መስኮት ቤቱን ስትሸጡ ጣጣ ያመጣል፤ ኢንሹራንሱም ያስቸግራል።

ስትገዙ ኤን ኦ ኤ የሚባለውን የማያሚ ዴድ ማረጋገጫ ጠይቁ። ፈተናው ቀላል አይደለም። 9 ፓውንድ የሚመዝን የግንባታ እንጨት በሰዓት 34 ማይል ገደማ ይወረወርበታል። ከዚያ በኋላ በአየር ግፊት 9,000 ጊዜ ይገፋል፣ ይሳባል። መስታወቱ ቢሰነጠቅም መሃሉ ያለው ፕላስቲክ ይዞት ይቆያል። የሚፈተነው ደግሞ ከነፍሬሙና ከነብሎኑ ነው። ብሎኑን ያሳጠረ ወይም ያራራቀ ገጣሚ ያን ሁሉ ፈተና ገደል ከተተው ማለት ነው። ፐርሚት ሲኖር የከተማው ኢንስፔክተር የሚመጣው ለዚህ ነው።

የኢንሹራንሷ ልጅ፦ እህቴ፣ የፊቱን ብቻ የሚለውን ተዪው። ነፋሱ አቅጣጫ ይቀያይራል። በአንድ የተሰበረ መስኮት ከገባ ጣሪያውን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሰው የሚፈራው ዝናቡን ነው፤ ቤት የሚያፈርሰው ግን ይሄኛው ነው።

የኢንሹራንስ ቅናሹም እንደዚያው ነው። ቤቱ ነፋስን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳየውን፣ ዊንድ ሚቲጌሽን የሚባለውን ፎርም የሚሞላው ኢንስፔክተር የሚያየው በጣም ደካማውን መስኮት ወይም በር ነው። አንድ መስታወት ሳይሸፈን ከቀረ የሌላው ሁሉ ወጪ ለቅናሽ አይጠቅምም። የጋራዡን በርም አትርሱ፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው። ፎርሙ አንዴ ከተሞላ ለ5 ዓመት ይሠራል።

የታምፓው፦ ገንዘብ ካጠረ ቀላቅሉ። ለማሰር የሚያስቸግሩትን፣ የፎቁንና ትልቁን ተንሸራታች በር፣ ኢምፓክት አድርጉ። ለቀሩት የተፈቀደ ፓነል ካላችሁ እሱው ይበቃል። ቴፕ በኤክስ መለጠፍ ግን ከንቱ ድካም ነው፣ ምንም አያድንም።

ማይ ሴፍ ፍሎሪዳ ሆም የሚባል የስቴቱ ድጋፍም አለ። እናንተ 1 ዶላር ስታወጡ 2 ይጨምራል፣ እስከ 10,000 ዶላር። ገቢ ያያሉ፣ በጀቱ ሲያልቅም ይዘጋል። ድጋፉ መፈቀዱ ሳይነገራችሁ ሥራ እንዳትጀምሩ፣ የጀመረ ሰው አያገኝም።

አባ መስኮት፦ ስለ ቅድሚያ ክፍያው ልጨምር። በፍሎሪዳ ሕግ ከ10 በመቶ በላይ የተቀበለ ኮንትራክተር በ30 ቀን ውስጥ ፐርሚት መጠየቅ አለበት። «ያለ ፐርሚት» ብሎ ግማሽ የሚጠይቅ ምን እንዳሰበ እናንተው ገምቱ። ላይሰንሱን በስቴቱ ድረ ገጽ ፈልጉት፣ በነፃ ነው።

የሚራማሯ፦ እግዜር ይስጥልን! ሰውዬውን ትተነዋል። የልጆቹን መኝታ ቤት መስኮት የማይከፈት ብናደርገው ይረክሳል ተባልን፣ እውነት ነው?

አባ መስኮት፦ ይረክሳል፣ ግን መኝታ ቤት ላይ እንዳታስቡት። እሳት ቢነሳ ልጅ በየት ይወጣል? ሕጉም ሰው የሚያሾልክ መክፈቻ ይፈልጋል። እና መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት የከተማው ኢንስፔክተር አይቶ ሳይፈርም እንዳትልጡት። አንዳንዱ ለማጽዳት ይቸኩላል።