«አገር እስኪረጋጋ» የተባልን ሠራተኞች ስንት ዓመት እንጠብቅ?

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ነው የምሠራው፤ ስሙ ይቅር። ዘንድሮ የሠራተኛ ማኅበሩ ሰብሳቢ አድርገው መረጡኝ፤ ጎበዝ ሆኜ ሳይሆን ሌላው ሁሉ ሲያቀረቅር ቀና ብዬ ስለተገኘሁ ነው።

በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ሲመጣ ማሽኑ ቆመ። ስንመለስ ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦ «አገር እስኪረጋጋ ጭማሪ አትጠይቁ፣ እኛም ሰው አንቀንስም» አለን። በቃል ነው፤ የተጻፈ ነገር የለም። እሺ አልን፤ ጊዜው እሺ የሚባልበት ነበር፣ የብዙዎቻችን ቤት ከነአጣዬ በተፈናቀለ ዘመድ ሞልቷል። ከዚያ ወዲህ ደመወዜ 3,200 ብር ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ የአንዲት ክፍል ኪራዬ ግን ከ800 ተነሥቶ 2,000 ገባ። ሰውም ተቀንሷል፤ ስሙ ብቻ «ኮንትራት አልታደሰም» ነው።

ያለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ደግሞ «ጀርመንና ጃፓን ከጦርነት በኋላ የተነሡት ሠራተኛው ሆዱን አስሮ ስለሠራ ነው» አለን። ታሪኩን ስለማላውቀው መልስ አጣሁ። እውነት ነው? ሠራተኛው፣ ባለፋብሪካውና መንግሥት እዚያ እንዴት ተስማሙ?

ጣርማበር፦
መጀመሪያ እሱ ሆዱን አስሯል ወይ ብለህ ጠይቀው። በምን መኪና ነው የሚመጣው?

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ሰውዬው ግማሹን ነው የነገረህ። እኔ ድሮ የማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ፤ ይህን በአንድ ሥልጠና ላይ ሰምቼ በኋላ እያነበብኩ አመሳከርኩት። (የፈረንጆቹን ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የጀርመን ሠራተኛ ትዕግሥቱን ሸጠው እንጂ በነጻ አልሰጠም። በ1950 መጨረሻ የብረት፣ በ1951 መጀመሪያ የከሰል ሠራተኞች ድምፅ ሲሰጡ ከ90 በመቶ በላይ የሆኑት ሥራ እናቁም አሉ። የጠየቁት ወንበር ነው፤ ደመወዝ አይደለም። የማኅበራቱ መሪ ሃንስ ቦክለር፣ ራሱ ብረታ ብረት ሠራተኛ የነበረ ሰው፣ ከመራሔ መንግሥቱ ከአደናወር ጋር ተቀመጠ። አድማው ሳይደረግ ሕግ ወጣ፤ በትልልቆቹ የከሰልና የብረት ኩባንያዎች ተቆጣጣሪ ቦርድ ላይ እኩሌታው የሠራተኛ፣ እኩሌታው የባለአክሲዮን፣ በመሐል አንድ ገለልተኛ ሰው። የሠራተኛ ጉዳይ የሚይዘው ዳይሬክተርም የሠራተኛው ተወካዮች ካልተቀበሉት አይሾምም። ቦክለር የሕጉን መጽደቅ ሳያይ ሞተ። ሁሉም ማር አልነበረም፤ በዓመቱ ለሌሎቹ ኩባንያዎች የወጣው ሕግ ሲሶ ወንበር ብቻ ስለሰጠ ማኅበራቱ ሽንፈት ብለው ነው የቆጠሩት። በደመወዝ ጥያቄ ረጋ ማለታቸው እውነት ነው፤ ግን ቦርዱ ላይ ተቀምጠው የኩባንያውን ሒሳብ እያዩ ነው የረጉት።

ጃፓን ካለህ የትኛዋን ጃፓን በለው። የማኅበር ሕግ የወጣላቸው ጦርነቱ ባለቀ በአራት ወሩ፣ በ1945 መጨረሻ ነው። በ1947 ያሰቡትን ጠቅላላ አድማ ግን አገሩን የያዘው ጦር አዛዥ፣ አሜሪካዊው ጄኔራል ማክአርተር፣ በዋዜማው ከለከለ፤ የአድማው መሪ በሬዲዮ እያለቀሰ ነው መቅረቱን የተናገረው። በ1953 ኒሳን ውስጥ ለኩባንያው የሚመች ሁለተኛ ማኅበር ተቋቁሞ የመጀመሪያውን ዋጠው (ይህን ልብ በል፣ በአንተም ላይ ይመጣል)። በ1960 ሚይኬ የከሰል ማዕድን 1,200 ያህል ሰው ስለተባረረ ወራት የፈጀ አድማ ተደርጎ ሠራተኛው ተሸነፈ። እንዲያም ሆኖ በ1955 የምርታማነት ማዕከል ሲያቋቁሙ የተስማሙበት ነገር አለ፤ ሰው እንዳይባረር መጣር፣ ከሠራተኛው ጋር መመካከር፣ ፍሬውን ለኩባንያ፣ ለሠራተኛና ለሸማች በአግባቡ ማካፈል። ጽፈውታል ነው የምልህ፤ እንዳንተው በቃል አይደለም።

እኛም ከሶማሊያ ጦርነት ማግስት እንዲሁ ተብለናል። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር በየካቲት 1966 ጠቅላላ አድማ መትቶ አገሩን አቁሞት ነበር፤ ደርግ ዘጋው። በምትኩ የመጣው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ነው፣ ጸሐፊ የነበርኩትም በእሱ ነው። ሥራዬ የምርት ኮታ ማንበብና ለእናት አገር ጥሪ መዋጮ መሰብሰብ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ክር ፈታይ «ጸሐፊ፣ አንተ የማን ነህ?» አለችኝ። ዝም አልኳት። ዓመቱ ሲያልቅ ምስጉን ሠራተኛ የሚል ወረቀት ተሰጠኝ፤ ዛሬም ሳጥን ውስጥ አለ።

የጠባሴ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሒሳቡን አሳየን ብለው ግን የሚያሳየኝ ይመስልዎታል?

ፋይል ቁጥር፦
በጄ አይልህም። አንተ ግን ለኅብረት ስምምነት (ማኅበሩና አሠሪው ስለ ሥራ ሁኔታ ለሚፈራረሙት ውል) ድርድር በጽሑፍ ጥራው፤ ጥሪው እጁ ላይ ካለ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። አድማ ካላችሁ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው የተገኙበት ስብሰባ፣ አብላጫ ድምፅና የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። መንግሥት ይደርስልናል ብለህም አትቁጠር። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና ቦርድ ነገር አዋጁ ውስጥ ተጽፏል፤ ኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ስንት ጊዜ እንደጠየቀ ሜይ ዴይ ላይ የተሰለፈ ያውቃል።

የጠባሴ ልጅ፦
212 አባላት ነን፣ ሁለት ሦስተኛው 142 ማለት ነው። የሌሊት ፈረቃውን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሰው እየፈለግኩ ነው። ደብዳቤውን ግን ዛሬ ጽፌዋለሁ። ጭማሪን ሁለተኛ ላይ አደረግኩት፤ አንደኛው «ሰው አንቀንስም ያላችሁትን ፈርሙልን» የሚል ነው። ጋሼ፣ ያቺ ፈታይ አሉ?

ጡረተኛው፦
አለች። በየወሩ ጡረታ ስንቀበል ሰልፍ ላይ እንገናኛለን። እስካሁን «ጸሐፊ» ነው የምትለኝ።